«እስቲ ሞክረው»



መርካቶ ምናለሽ ተራ ጎራ ያለ ሰው የተጣለ በርሜል ምድጃ ሲሆን ያያል። ያለቀ የመኪና ጎማም በረባሶ ሆኖ ስንቱን እግር ከእሾህ አድኗል! «ጎማ እንጫማ» ብሎ መጀመሪያ ያሰበው ሰው ግን ሳይሳቅበት የቀረ አይመስለንም።

ከታሪካችንም እንይ። በሒጅራ 5ኛው ዓመት 10 ሺህ ያህል ጦር መዲናን ሊወርር ሲመጣ ሰልማን አል-ፋሪሲ (ረ.ዐ) ኸንደቅ፣ ማለትም ጥልቅ ቦይ፣ እንቆፍር አሉ። ዐረቦች የማያውቁት የፋርስ ዘዴ ነበር። በረሃብ ላይ መሬት መቆፈር ለሩቅ ተመልካች ሞኝነት ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ግን ሐሳቡን ተቀብለው አብረው ቆፈሩ፤ ከተማይቱም ተረፈች።

እኛስ? አንድ ጊዜ ተማሪያችን «ከተበላሸ ቴፕ ማራገቢያ እሠራለሁ» ቢለን «አርፈህ ተማር!» ብለን ክፍሉን አሳቅንበት። ከዚያ ወዲያ እጁን አላወጣም። ዝምታው ዛሬም ይቆረቁረናል።

ወላጆች ሆይ! ሐራም እስካልሆነ፣ ሰውም እስካልጎዳ ድረስ «እስቲ ሞክረው» እንበል። ባይሳካ የሚጠፋው ቁራጭ ሽቦ ነው። የልጅ ድፍረት ከጠፋ ግን በምን እንመልሰዋለን?

ወላሁ አዕለም።