የላይክ ቆጠራ የሕዝብ ቆጠራ አይደለም

የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በ1999 ዓ.ም. ተካሂዶ ቀጣዩ በተደጋጋሚ በተራዘመባት ሀገራችን፣ አዲስ ዓይነት ቆጠራ ከተጀመረ ሰነባብቷል። አንድ የፖለቲካ መግለጫ ሲወጣ ሐሳቡ ያስኬዳል ወይ ብሎ የሚጠይቅ እየጠፋ፣ ስንት ላይክና ስንት ሼር አገኘ የሚለው ብቻ ይጠየቃል። ቁጥሩ ከበዛ «ሕዝቡ ከእኛ ጋር ነው» ይባላል። የሚያሳዝነው፣ ቀን ስለ ናሙና አመራረጥ ሲያስተምር የዋለ ምሁር ማታ ይህንኑ ቁጥር ይዞ መከራከሩ ነው። ተማሪው ጓደኞቹን ብቻ ጠይቆ «የኢትዮጵያ ሕዝብ አስተያየት» የሚል ወረቀት ቢያቀርብለት ግን በዜሮ ይመልሰው ነበር!

ለመሆኑ የሚቆጠረው ምንድን ነው? ኢንጌጅመንት የሚባለው ስሌት በተለመደው መልኩ ላይክን፣ አስተያየትንና ሼርን ደምሮ ጽሑፉን ላዩት ወይም ለተከታዮቹ ብዛት ያካፍላል። «ከሀዲ» ብሎ የተሳደበውና «እግዜር ይስጥልን» ብሎ ያመሰገነው በአንድ ቋት ይገባሉ። አንብቦ፣ አሰላስሎ፣ ምናልባትም አቋሙን ቀይሮ በዝምታ የሄደው ሰው በድምሩ ውስጥ የለም። በዋሽንግተን ወይም በሪያድ የሚኖረው ወገናችን ላይክ ማድረጉ መብቱ ነው፤ የአንድ ወረዳ መራጭ ተደርጎ መቆጠሩ ግን በምን ሒሳብ ነው? አብዛኛው የወረዳው ነዋሪ ኢንተርኔት እንደማይጠቀም ማን አጣው?

ይህ ሁሉ ግን ትንሹ እንከን ነው። ትልቁ፣ ሚዛኑ የሚመዝነውን ነገር ራሱ የሚያበዛ መሆኑ ነው። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የቁጣውን ጨምሮ የስሜት ምልክቶችን ከአንድ ላይክ 5 እጥፍ አድርጎ ይመዝን እንደነበር በ2021 ይፋ የወጡት የኩባንያው የውስጥ ሰነዶች አጋልጠዋል። በ2018 ደግሞ «ትርጉም ያለው ማኅበራዊ ግንኙነት» በሚል ያማረ ስም፣ አስተያየትና ሼር የሚያስነሣ ጽሑፍ ቅድሚያ እንዲያገኝ ተደረገ። የቁጣ ምልክት የሚበዛባቸው ጽሑፎች ሐሰትን የመያዝ ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን የኩባንያው ባለሙያዎች በ2019 አረጋገጡ። የቁጣው ክብደት ዜሮ የሆነው ግን በሴፕቴምበር 2020 ነው። እንግዲህ የእኛ ተንታኞች ከ2018 እስከ 2020 በነበሩት የለውጥ ዓመታት «የሕዝብ ቁጣ» እያሉ ሲያነቡልን ከነበረው ውስጥ ምን ያህሉ የሕዝብ፣ ምን ያህሉስ የቀመሩ ነበር? ለይቶ የሚነግረን የለም።

«ሌላ መለኪያ ስለሌለን ነው» የሚሉ አሉ። የተበላሸ ሚዛን ይዞ ገበያ የወጣ ነጋዴም እንዲሁ ይላል። ቤት ለቤት መጠየቅ፣ ቀበሌ ድረስ ወርዶ ማድመጥ፣ የሚቃወመውን ሰው ፊት ለፊት መግጠም አሁንም አለ፤ ያደክማል እንጂ።

በኦክቶበር 2021 አንድ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ስሙና ፎቶው እየተጠቀሰ በፌስቡክ ተወነጀለ፤ በኖቬምበር በቤቱ ደጃፍ ተገደለ። ልጁና ሌሎች ከሳሾች በዲሴምበር 2022 ናይሮቢ ላይ በመሠረቱት ክስ የኩባንያው ቀመር ጥላቻን አራግቧል ይላሉ። ኩባንያው የኬንያ ፍርድ ቤት ሊዳኘኝ አይችልም ብሎ ቢከራከርም፣ ፍርድ ቤቱ በኤፕሪል 2025 ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሏል። ላይክ ቆጣሪ ፖለቲከኞቻችን ይህን ክርክር እስካሁን ሼር ሲያደርጉት አላየሁም።