ጀርመንኛ ለምን እንማር?

አንድ ተማሪ ጀርመንኛ ጀመረ ሲባል ጓደኞቹ የሚያቀርቡለት ጥያቄ አንድ ነው፤ «መቼ ትሄዳለህ?» ሥራና ትምህርት ፍለጋ ባሕር መሻገር ነውር አይደለም። ነገር ግን ቋንቋውን ለመሳፈሪያ ብቻ የሚፈልግ ሰው ትልቁን ጥቅም ትቶታል።

ነገሩ የተጀመረው በእኛው አገር ሰው ነው። በዛሬው ወሎ ከመካነ ሥላሴ የተነሡት አባ ጎርጎርዮስ እ.ኤ.አ. በ1649 ሮም ላይ ከጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ ጋር ተዋወቁ፤ በ1652 ደግሞ ተጋብዘው ጀርመን አገር ጎታ ከተማ ገቡ። መምህሩ ኢትዮጵያዊ፣ ተማሪው ጀርመናዊ ነበር። ሉዶልፍ በ1698 ያሳተመው የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት የዚያ ትምህርት ፍሬ ነው።

ከዚያ ወዲያ አውግስት ዲልማን በ1857 የግዕዝን ሰዋስው በጀርመንኛ አሳተመ። ኤኖ ሊትማን የመራው የጥናት ቡድን በ1906 አክሱምን መረመረ፤ ውጤቱም በ1913 በአራት ቅጽ በጀርመንኛ ወጣ። ድንጋዩ በአገራችን ቆሟል፤ ስለ እርሱ የተጻፈውን ግን ሌላ ሰው ካልተረጐመልን አናነበውም።

ባሕሉንም ማጥናት ያሻል። ዲልማን መጽሐፈ ሄኖክን በ1853 ወደ ጀርመንኛ የመለሰው በአገሩ የመጽሐፍ ቅዱስ ምርመራ በጋለበት ዘመን ነው። ጸሐፊው ምን ሲፈልግ እንደ ደከመ ካላወቅን ሥራውን መመዘን አንችልም።

«እንግሊዝኛ ይበቃል፤ እርሱንም በቅጡ አልያዝነው» የሚል ወንድም አይጠፋም። የዲልማን ሰዋስው በ1907 በእንግሊዝኛ መውጣቱም እውነት ነው። ነገር ግን መጽሐፍ ሁሉ ተርጓሚ አያገኝም። ሁሉም ተማሪ ጀርመንኛ ይማር አንልም፤ ታሪክ፣ ቋንቋና ቅርስ ከሚያጠኑት ጥቂቶቹ ማንበብ እስኪችሉ ቢማሩ ትልቅ ነገር ነው።

ከሐራ፣ ከመርሳና ከወልድያ ለመጣን ተማሪዎች በ1962 አዲስ አበባ የተከፈተው የጎተ ተቋም ሩቅ ነው። ስለዚህ ማኅበራችን በሳምንት ሁለት ሰዓት የጀርመንኛ ንባብ ትምህርት እንዲሰጥ ዩኒቨርሲቲውን ይጠይቅ። በመካከላችን ቅኔ ቤት ያለፉ፣ ግዕዝ የጠገቡ ልጆች አሉ። እነርሱ ከጀርመንኛ ጀማሪው ጋር አንድ ጠረጴዛ ከበው ቢቀመጡ፣ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። እንደ አባ ጎርጎርዮስ የሚሰጡት ነገር ይዞ መቅረብ ማለት ይህ ነው።

የዩኒቨርሲቲው መልስ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም። ፈቃደኞች በዚህ ሳምንት ስማቸውን ለማኅበሩ ጸሐፊ ያስመዝግቡ።