ሚስማር እንዳትመቱ!

አማርኛችን ቤት ይወዳል። የምንማርበት ትምህርት ቤት ነው፤ የምንበላበት ምግብ ቤት፤ ጥፋት ሲገኝብን የምንገባበት እስር ቤት። ሰው ሲያገባ «ጎጆ ወጣ» እንላለን። ካገባም በኋላ ሚስቱን «ባለቤቴ» ይላታል፣ እሷም እሱን «ባለቤቴ» ትለዋለች፤ ካርታው በማን ስም እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። ግጥም እንኳ ግጥም የሚሆነው ቤት ሲመታ ነው። የፊደላቱን የግእዝ ስም ያጠና ተማሪ ደግሞ የ«በ» ስሟ «ቤት» እንደሆነ ያውቃል። ቅርጿንም ልብ ብሎ ላያት ሁለት ምሰሶና አንድ ጣሪያ ያላት፣ በሯ ክፍት የተተወ ጎጆ ናት።

ቤትን ይህን ያህል የሚወድ ቋንቋ የምንናገር ሰዎች ግን፣ እዚህ ናይሮቢ ያለነውን ጨምሮ፣ አንድ የሚያስቅ ጠባይ አለን። ቤት እንዲኖረን እንለፋለን፤ በቤት ለመኖር ግን ብዙም አንቸኩልም።

ከሳሎን እንጀምር። በብዙዎቻችን ቤት ትልቁና ብርሃን ያለው ክፍል የእንግዳ ነው። ሶፋው ዳንቴል ለብሶ፣ ቡፌው ተቆልፎ ይጠብቃል። ቡፌው ውስጥ የተደረደሩት ብርጭቆዎች የቤቱን ልጆች ከንፈር ነክተው አያውቁም። እንግዳው በዓመት ሦስት ጊዜ ቢመጣ ነው፤ ሲመጣም ቡና ወደሚፈላበት፣ ሰው ወደተሰበሰበበት ጓዳ አካባቢ ካልሄድኩ ይላል።

ከሳሎን ወደ ግቢ እንውጣ። አዲስ አበባ ውስጥ ቪላ የሠራ ሰው የት እንደሚኖር ታውቃላችሁ? ሰርቪስ ቤት። ቪላው ጥሩ ኪራይ ስለሚያወጣ ይከራያል፤ ባለቤቱና ቤተሰቡ ከኋላ ባሉት ሁለት ክፍሎች ይጠጋሉ። ጠዋት በሩን የሚከፍቱትን ሽማግሌ ዘበኛ መስለውት «እንደምን አደሩ» ሲል የከረመ ተከራይ፣ ወር ሲሞላ ኪራይ ሊቀበሉ የሚመጡት እሳቸው ሆነው ያገኛቸዋል።

ኮንዶሚኒየምም ከዚህ አልራቀም። በ1997 ዓ.ም. የተመዘገበ ሰው ነበር፤ በ2005 ዓ.ም. እንደገና ተመዘገበ። 10/90፣ 20/80፣ 40/60 የሚባሉት ቁጥሮች በየቤቱ እንደ ጸሎት ይደገሙ ጀመር። ቁጥሮቹ ለማያውቅ ልጅ፦ 20/80 ማለት ባለ ዕድሉ ከዋጋው ሃያውን በመቶ ቀድሞ ይከፍላል፣ ሰማንያው ከባንክ በብድር ይሸፈናል ማለት ነው። ዕጣው ሲወጣ እልልታው ሰፈር ያናውጣል። ከዚያ ቁልፍ ተቀብለው ጀሞ ወይም ኮዬ ፈጬ ሲሄዱ የሚጠብቃቸው ባዶ ግድግዳ ነው። ወለሉ፣ ቀለሙ፣ ቁም ሳጥኑ፣ ሁሉም የባለ ዕድሉ ፈንታ ነው። ባንክም ወሩን እየቆጠረ ይጠብቃል። ስለዚህ ብዙ ባለ ዕድል ቤቱን አከራይቶ ራሱ በኪራይ ቤት ይቀጥላል። ሌላው ባለ ዕድል እሱ ያከራየው ብሎክ ውስጥ ተከራይቶ፣ የራሱን ደግሞ ሌላ ሳይት ላይ አከራይቶ ይሆናል። ሁለቱ ቢቀያየሩ ሁለቱም በየቤታቸው ባደሩ! ግን አንዱ ሥራው እዚህ፣ የሌላው ልጅ ትምህርት ቤት እዚያ ነው። (የገባም ቢሆን በበዓል ዋዜማ በጉን አራተኛ ፎቅ ድረስ ተሸክሞ መውጣት አለበት። ማረጃና ልብስ ማጠቢያ የሚሆን ኮሙናል ከታች ተሠርቶለታል፤ በጉን ግን አንድ ሌሊት ሳሎን ሳያሳድር ደስ የማይለው አባወራ አለ።)

በዚህ ሁሉ መሳቅ ቀላል ነው፤ መነሻውን ሳያነሡ መሳቅ ግን አድልዎ ይሆናል። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን መንግሥት እንዲወርስ አደረገ። አንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ይበቃዋል ተባለ። «ትርፍ ቤት» የሚለው ቃል ያኔ ነው በየአፉ የገባው። እርጅናቸውን በኪራይ ሊጦሩ ያሰቡ ሰዎች ከሐሳባቸው ጋር ቀሩ። በወር ከመቶ ብር በታች የሚከራዩት ቤቶች ወደ ቀበሌ ሄዱ፤ ተከራዩም በጥቂት ብር ጣሪያ አገኘ፣ ጣሪያው ሲያፈስ ግን የሚጠግንለት አላገኘም። ከዚያ በኋላ የመጣው ትውልድ ደግሞ አከራይ በየስድስት ወሩ ኪራይ ሲጨምርበት፣ ዕቃውን በጋሪ ጭኖ ከሰፈር ሰፈር ሲዞር ያደገ ነው። እንዲህ ያለ ሰው «የራሴ ቤት» ሲል ስለ ሳሎንና ስለ መኝታ ክፍል አይደለም የሚያወራው። ማንም ውጣ የማይለው ቦታ ይፈልጋል። ባይኖርበትም፣ መኖሩን ማወቁ ብቻ እንቅልፍ ይሰጠዋል። ይህን አከብራለሁ።

የማላከብረው የደላላን አማርኛ ነው። በሥራቸው ግን አልመጣም፤ ገዢና ሻጭን አገናኝቶ ሁለት በመቶ መቀበል ሌብነት አይደለም። ችግሩ ቋንቋው የራሱ መዝገበ ቃላት የሚያሻው መሆኑ ነው። «ከአስፋልት ትንሽ ገባ ብሎ» ማለት ባጃጅ ያስፈልግሃል ማለት ነው። «ጸጥ ያለ ሰፈር» ከተባለ ታክሲ አይደርስም። «አየር የሚያገኝ» ከተባለ መስኮቱ ገና አልተገጠመም። «ለልማት የሚሆን» ከተባለ ቤቱ ሊወድቅ ነው። «ባለቤቱ ወደ ውጭ ሊሄዱ ስለሆነ በአስቸኳይ የሚሸጥ» የተባለ ቤት ለሦስት ዓመት በአስቸኳይ ሲሸጥ አይቻለሁ። «ደላላ አይደውል» ከሚለው ማስታወቂያ ሥር ያለው ስልክ ቁጥር ደግሞ የደላላው ነው።

ከሁሉም የሚያስገርመኝ የጭቃ ቤት ዋጋ ነው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። የሚሸጠው ላዩ ላይ ያረፈው ቤት ነው። ስለዚህ መሃል ከተማ ያለ፣ ጣሪያው ያፈሰሰ፣ ግድግዳው ያበጠ ጭቃ ቤት በሚሊዮኖች ይሸጣል። ገዢው ቤቱን ዞር ብሎም አያየው፤ አጥር ለአጥር እየሄደ ካሬውን በእርምጃ ይለካል። ውሉ ላይ የተሸጠው ግን ቤቱ ነው። ፈቃድ እንደተገኘ ያ የተገዛው «ቤት» ፈርሶ ገልባጭ መኪና ላይ ይጫናል። ያን ያህል ገንዘብ የወጣበት ጭቃ ሌላ አገር ያለ አይመስለኝም።

እዚህ ናይሮቢ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። መሬት በግል ይያዛል፣ በግልጽ ይሸጣል። (የውጭ ዜጋ ግን፣ እ.ኤ.አ. በ2010 በጸደቀው የኬንያ ሕገ መንግሥት፣ ከ99 ዓመት ሊዝ በላይ አይፈቀድለትም።) ሆኖም በየግንቡና በየብረት በሩ ላይ በትላልቅ ፊደል በቀለም ተጽፎ የምናነበው «ይህ ቦታ አይሸጥም» የሚል ነው። ለአገሩ አዲስ የሆነ ሰው «ማን ጠየቃችሁ?» ሊል ይችላል። የተጻፈው ባለቤቱ ሳያውቅ የሰው መሬት በሐሰት ሰነድ የሚሸጡ አጭበርባሪዎች ስላሉ ነው። የሚሸጥ ነገር ማስታወቂያ ሲወጣለት ማየት ለምደናል፤ ለማይሸጥ ነገር ማስታወቂያ የሚያወጣ ከተማ ውስጥ መኖር ደግሞ የራሱ ትምህርት አለው።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። ናይሮቢ ተቀምጦ አዲስ አበባ ቤት የሚገዛ ወላጅ ከብሩ በፊት የሚያስፈልገው ወንድም ነው። ወይ ወንድም፣ ወይ የአክስት ልጅ፣ ወይ አብሮ አደግ። ኤምባሲ ተሂዶ ውክልና ይሰጠዋል። እዚህ ላይ ቀልዱን ላቁምና ለወላጆች አንድ የሚጠቅም ነገር ልናገር፦ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጠቅላላ ውክልና ለአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው። ቤት መሸጥ እንዲችል ከፈለጋችሁ በግልጽ መጻፍ አለበት፤ እንዲሸጥ ካልፈለጋችሁ ደግሞ ያ ቃል እንዳይገባ አንብቡ። የቤት ሽያጭ ውልም በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም። «ቃል ለቃል ተግባብተናል» ለጋብቻ እንጂ ለቤት አይሠራም። ለጋብቻም ባይሠራ ይሻላል።

ከዚያ ቪዲዮው ይመጣል። ወንድም በስልኩ እየቀረጸ «ይሄ ሳሎኑ ነው፣ ይሄ ማስተሩ ነው፣ ይሄ የልጆች ነው» እያለ ይዞራል። ኮቴው ያስተጋባል፤ ዕቃ የለማ። ቤተሰቡ ደጋግሞ ያየዋል፤ ለጎረቤት ያሳያል፤ እናት ዓይኗ እንባ ያቀርራል። የልጆች የተባለውን ክፍል ግን ልጆቹ አይገቡበትም፤ በሚቀጥለው ወር ተከራይ ይገባበታል።

አማርኛ በማስተምርበት ክፍል «ቤታችን» የሚል የድርሰት ርዕስ ስሰጥ ከርሜአለሁ። ጥቂት የማይባሉ ተማሪዎች የሚጽፉልኝ ያንን የቪዲዮውን ቤት ነው። የብረት በሩ ቀለም፣ የመኝታው ብዛት፣ አጥሩ ላይ ያለው አበባ ሁሉ አለ። አንዱ «ቤታችን ባለ ሦስት መኝታ ነው። ገብቼበት አላውቅም» ብሎ ጻፈ። ሌላዋ «ቤታችን ውስጥ የሚኖሩት ሰዎች ጥሩ ናቸው፣ በጊዜ ይከፍላሉ» ብላለች። እነዚሁ ልጆች ተወልደው ያደጉበትን፣ እርሳስ የያዙበትን፣ እናታቸው በየቅዳሜው ቡና የምታፈላበትን የኪሊማኒ ወይም የኢስሊ አፓርታማ ምን እንደሚሉት ጠየቅኳቸው። «አሁን ያለንበት» አሉኝ። ስምንት ዓመት የኖሩበት ቤት በቋንቋቸው «አሁን ያለንበት» ነው።

ኬንያውያን ጎረቤቶቻችንም ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ልማድ አላቸው። ናይሮቢ ያለው ማደሪያ ነው፤ እውነተኛው ቤት ኡሻጎ፣ ማለትም ገጠር ያለው የወላጆች ቀዬ ነው። ልዩነቱ ግን ኬንያዊው ልጅ በገና ሰሞን አውቶቡስ ተሳፍሮ ኡሻጎ ይሄዳል፤ አያቱ ያቅፉታል፣ ዶሮ ያባርራል፣ እግሩን እሾህ ይወጋዋል። የእኛ ልጅ ኡሻጎ ስልክ ውስጥ ነው ያለው።

ወላጆች የምትሉኝን አውቃለሁ። «መምህር፣ አከራዩ ውጡ ካለን እኮ እንወጣለን፤ የመኖሪያ ፈቃዱም በየጊዜው ይታደሳል፤ የሰው ቤት ላይ ምን አለፋን?» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። አዲስ አበባ ያለውን ሽጡት አላልኩም፤ እንዲያውም ካርታውን በደንብ አስቀምጡት። እኔ የምለው ስለ ግድግዳው ነው። ይህ ትምህርት ቤት በየዓመቱ መጨረሻ ለልጆቻችሁ የደረጃ ሰርተፍኬት ይሰጣል። ብዙዎቹ የት እንዳሉ አውቃለሁ፤ በላስቲክ ፎልደር ውስጥ፣ ፎልደሩ ሻንጣ ውስጥ፣ ሻንጣው ቁም ሳጥን ላይ። «ቤታችን ስንገባ እንሰቅለዋለን» ተብሏል። የሦስተኛ ክፍል ሰርተፍኬት አሥራ አንደኛ ክፍል ከደረሰ ልጅ ጋር ሆኖ አሁንም ፊኒሺንግ እየጠበቀ ነው። ያ ቤት ተጠናቆ እስኪገባበት ልጁ ዩኒቨርሲቲ ይሆናል፤ ሰርተፍኬቱም የሚሰቀለው ተከራዩ ግድግዳ ላይ ሊሆን ነው።

ለምን እንደማይሰቀል ስጠይቅ መልሱ ሁሌ አንድ ነው፦ «ሚስማር መምታት ክልክል ነው፤ ከዲፖዚቱ ይቆረጥብናል።» ስለዚህ ውሎቹን ጠይቄ አነበብኩ፤ የራሴንም፣ ያሳዩኝን ወዳጆቼንም። ባነበብኳቸው ሁሉ ተከራይ ሲለቅ ቤቱ እንደገና ቀለም ይቀባል፤ የቀለሙም ወጪ ከዲፖዚቱ ላይ ይነሣል። ሚስማር ተመታም አልተመታም ይነሣል። ቀለም ቀቢው አስቀድሞ በስቱኮ ይደፍነዋል፤ አንድ ቀዳዳ ሆነ አሥር፣ ሥራው የግማሽ ሰዓት ነው። የእኛን ሕንፃ ኬርቴከር ጠይቄው መዶሻ እንዳለውና እንደሚያውስ ነግሮኛል።