ሥልጣንና የሒሳብ መዝገብ

ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል ይባላል። ብዙ መንግሥታት ባንድ ማኅበር ካበሩ በኋላ ግን በማኅበሩ ውስጥ የሚያዘው ማን ነው? የሚል ጥያቄ ይከተላል። ይህን ለመረዳት ለሚሻ ተማሪና ወጣት ሹም የአውሮፓ ኅብረት ታሪክ ጥሩ ትምህርት እንደሚሰጥ እናምናለን።

በኅብረቱ ውስጥ ኮሚሲዮኑ የሕግ ረቂቅ ያቀርባል፤ የዕለት ሥራውንም ያካሂዳል። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በየመንግሥታቱ ስም ይወስናል። ፓርላማው ደግሞ በሕዝብ ስም ይቆማል። ይኸው ፓርላማ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1952 ሲጀመር አባሎቹ 78 ብቻ ነበሩ፤ ሕግ የማውጣት ሥልጣንም አልነበራቸውም።

ታዲያ ከዚያ ተነሥቶ እንዴት ሊከበር ቻለ? በሒሳብ መዝገብ ነው። በ1970 እና በ1975 የተፈረሙት ውሎች በበጀት ላይ ሥልጣን ሰጡት። በ1979 ሕዝቡ አባሎቹን በቀጥታ መረጠ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻም ፓርላማው የ1980ን በጀት አልቀበልም ብሎ መለሰው።

ትልቁ ፈተና የመጣው በ1998 ነው። በኮሚሲዮኑ የሒሳብ መርማሪ የነበረው ሆላንዳዊው ፖል ቫን ቡይተነን ያየውን ጉድለት ለፓርላማ አባሎች አስታወቀ፤ ስለዚህም ከሥራው ታግዶ ደመወዙ በግማሽ ተቀነሰ። ፓርላማው ግን የ1996ን ሒሳብ አላጸድቅም አለ። በጥር 1999 ኮሚሲዮኑን ለማውረድ በተሰጠው ድምፅ 232 ሲደግፉ 293 ተቃወሙ፤ ሆኖም ነገሩ በዚህ አልቆመም። አምስት ገለልተኛ ሊቃውንት መርምረው በመጋቢት ወር ዘገባቸውን አቀረቡ። ዘገባው ኮሚሲዮኔሮቹ ራሳቸው በማጭበርበር ተካፍለዋል አላለም፤ ነገር ግን ኃላፊነት የሚሰማው ሰው ማግኘት አስቸጋሪ ሆኗል አለ። በዚያው ሌሊት ፕሬዚዳንቱ ዣክ ሳንቴርና ባልደረቦቹ፣ 20ዎቹም በሙሉ፣ ሥልጣናቸውን ለቀቁ።

እንዲህ ያለው ቁጥጥር ማኅበሩን ያዳክማል የሚሉ አይጠፉም። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። ኅብረቱ አልፈረሰም፤ እንዲያውም በዚያው ዓመት ማጭበርበርን የሚመረምር ልዩ መሥሪያ ቤት አቋቋመ።

ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። መቀመጫው አዲስ አበባ የሆነው የአፍሪካ ኅብረት በ2004 የመላው አፍሪካን ፓርላማ ሲከፍት የሰጠው ሥልጣን የማማከር ብቻ ነበር። በ2016 ደግሞ መሪዎቹ በኪጋሊ ተሰብስበው ከውጭ አገር ከሚገባ ዕቃ 0.2 በመቶ ለኅብረቱ እንዲከፈል ወሰኑ። ገንዘቡ ከሕዝብ ኪስ የሚወጣ ከሆነ ሒሳቡን በሕዝብ ስም የሚጠይቅ ሸንጎ ሊኖረው ይገባል።

ሥልጣን በውል ይጻፋል፤ የሚጸናው ግን በሚጠይቅና በሚመልስ ሰው ነው። ዛሬ በአንዲት ጠባብ ቢሮ ደረሰኝ የሚያመሳክር ወጣት ሥራውን አይናቅ። የታላላቅ ማኅበሮች ክብር የሚጠበቀው ከዚያች ጠረጴዛ ጀምሮ ነውና።