ከማይክሮስኮፑ በፊት መምህሩን እንጠይቅ

በውጭ አገር የምንኖር ኢትዮጵያውያን ለተማርንበት ትምህርት ቤት ውለታ መመለስ እንወዳለን። የቀድሞ ተማሪዎች በቴሌግራም ይሰባሰባሉ፣ ሰብሳቢና ገንዘብ ያዥ ይመረጣል፣ መዋጮ ይጀመራል። «ምን እንላክ?» የተባለ ዕለት ግን መልሱ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ ኮምፒውተርና የቤተ ሙከራ ዕቃ። ያገለገሉ ማይክሮስኮፖች ከአንድ ኮሌጅ ይገኛሉ፣ ኮንቴይነር ይሞላል፣ በርክክቡ ዕለት ፎቶ ይነሣል። ይህን በጎ ሐሳብ ማጣጣል አልፈልግም። የሳይንስ ትምህርትን ለማገዝ ገንዘባችንንና ጊዜያችንን ካወጣን አይቀር፣ ከዕቃው መምህሩ ይቅደም ነው የምለው።

ዕቃው ከደረሰ በኋላ የሚሆነውን እስቲ እንከተለው። አሜሪካ ውስጥ ሲሠራበት የነበረ ማይክሮስኮፕ ብዙውን ጊዜ ለ110 ቮልት የተሠራ ነው፤ አገር ቤት ያለው መስመር 220 ነው። ይህን ሳያይ የሰካው መምህር አምፖሉን በዚያው ያቃጥለዋል፤ ምትኩ ደግሞ በቅርብ ገበያ አይገኝም። አምፖሉ ቢተርፍ እንኳ ስላይዱ ይሰበራል፣ ማቅለሚያው ያልቃል። ከዚያ የንብረት ጣጣው አለ። መምህሩ ዕቃውን ከመጋዘን የሚያወጣው በሞዴል 22 ፈርሞ ነው፤ ከተሰበረ ተጠያቂው እሱ ነው። የብዙ ወር ደመወዙን የሚያክል ዕቃ ተማሪ በሞላበት ክፍል ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ እንዲዘዋወር የሚፈቅድ መምህር ቢገኝ ደፋር ነው። ስለዚህ ማይክሮስኮፑ ከነሣጥኑ ይቀመጣል፣ ቤተ ሙከራው ይቆለፋል፣ ቁልፉ ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ይሆናል። በሩ የሚከፈተው እንግዳ ሲመጣ ነው።

ዕቃን ከመምህሩ የማስቀደሙ ችግር በእኛ የተጀመረ አይደለም። በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ መንግሥት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርትን በሳተላይት እያሰራጨ በየክፍሉ ፕላዝማ ቴሌቪዥን ሰቅሎ ነበር። ትምህርቱ የተቀረጸው ደቡብ አፍሪካ ነው፤ የሚተላለፈውም በእንግሊዝኛ ነበር። ያልገባው ተማሪ እጁን ቢያወጣ ፕላዝማው አይቆምለትም። መብራት ከጠፋም የዕለቱ ትምህርት አመለጠ። ለመምህሩ የቀሩት የመግቢያና የመዝጊያ ጥቂት ደቂቃዎች ነበሩ። ዕቃው ዘመናዊ ነበር፤ ጥያቄ ተቀብሎ የሚያብራራው ሰው ግን ከመሐል ወጣ።

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ያለውን ውጤት ሁላችንም ሰምተናል። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተማሪዎች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ነበሩ፤ በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል። ይህ የሳይንስ ብቻ ውጤት አይደለም፤ ምክንያቱም ብዙ ነው። ነገር ግን ፊዚክስና ኬሚስትሪን አንድም ነገር ሳይነካና ሳይለካ ሸምድዶ 12ኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ትንሽ ጠምዘዝ ያለ ጥያቄ ሲመጣበት ምን እንደሚሆን ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

ሳይንስ በምን እንደሚጀመር የእኛው ሰው አሳይተውናል። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ አካባቢ ቢልሃርዚያን ያጠኑ ነበር። የበሽታው ትል ከዕድሜው ከፊሉን የሚያሳልፈው በውሃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ ላይ ነው። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል እንላለን፤ እሳቸው ግን ልባቸው ከመፍረዱ በፊት ሞከሩ። በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች በዕቃ ሰብስበው ከአጣቢዎቹ አንዷን የእንዶዱን አረፋ እንድትጨምርበት ጠየቁ። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ። ከዚያ የቀጠለው የብዙ ዓመት ምርምር እሳቸውንና ባልደረባቸውን ዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስን እ.ኤ.አ. በ1989 ለራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አብቅቷል። ለመጀመሪያው ሙከራ ያስፈለገው ግን አንድ ዕቃና አንድ ጥሩ ጥያቄ ነበር።

እንዲህ ያለው ጥያቄ በየትምህርት ቤቱ ደጅ ሞልቷል። መጽሐፉ ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል ይላል። ይህ እውነት የሚሆነው በባሕር ጠለል ላይ ነው። ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ተማሪው 92 ሲያነብ መምህሩ «ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል» ካለው ትምህርቱ እዚያው ሞተ። «ለምን ይመስላችኋል?» ካለ ግን የአየር ግፊት ምዕራፍ ተከፈተ፤ ደጋ ላይ ባቄላ ለመብሰል ለምን እንደሚዘገይም አብሮ ይመለሳል። ሜሪላንድ ያለው የአክስቱ ልጅ በእናቱ ምድጃ ላይ ሲለካ 100 ገደማ ያገኛል። እስራኤል ያለ ዘመድ የቧንቧ ውሃ ይዞ ሙት ባሕር ዳር ቢያፈላ ከ101 ያልፋል። ሦስቱ ልጆች ቁጥራቸውን በስልክ ሲለዋወጡ አንድ ግራፍ ይወጣል። ለዚህ የሚያስፈልገው እስከ 110 ዲግሪ የሚያነብ ቴርሞሜትር ነው። የትኩሳት መለኪያ እንዳትልኩ፤ የመስታወቱ 42 ዲግሪ ላይ ያበቃል፣ የፈላ ውሃ ውስጥ ከገባ ይፈነዳል። የወጥ ቤት ቴርሞሜትር ከሆነም ሴንቲግሬድ ያለው መሆኑን እዩ፤ አሜሪካ የሚሸጠው ብዙው በፋራናይት ነው።

ከዚህ የሚበልጠው የጥላው ልኬት ነው። ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት በመስከረም 12 ወይም 13 አካባቢ፣ ጥላ ከሁሉም በሚያጥርበት የቀትር ሰዓት፣ አንድ ሜትር ዱላ ቀጥ አድርጎ ማቆም ብቻ ነው። አዲስ አበባ ላይ ጥላው 16 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ሪያድ 46፣ ቴል አቪቭ 63፣ ዋሽንግተን 81፣ ለንደን 126። የታችኛው ክፍል ተማሪ ዱላውንና ጥላውን አሳንሶ ወረቀት ላይ ስሎ ማዕዘኑን በፕሮትራክተር ይለካል፤ የላይኛው ክፍል ተማሪ በታንጀንት ያሰላዋል። አዲስ አበባ 9 ዲግሪ፣ ዋሽንግተን 39 ዲግሪ ይመጣል። ልዩነቱ 30 ዲግሪ፣ የክብ አንድ አሥራ ሁለተኛ ነው። ከአንዱ ከተማ ኬክሮስ እስከ ሌላው ኬክሮስ በካርታ ላይ ወደ ሰሜን ሲለካ 3,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በ12 ሲባዛ የምድር ዙሪያ ወደ 40,000 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። የጥንቱ ግሪካዊ ሊቅ ኤራቶስቴንስ ከ2,200 ዓመት በፊት በእስክንድርያና በአስዋን መካከል የሠራው ይህንኑ ነው። እሱ ሁለት ከተማ ነበረው፤ እኛ ያልገባንበት ከተማ የለም።

የወጥ ቤቱም ሙከራ አያልቅም። የጤፍ ሊጥ በሁለት ጠርሙስ አድርጎ፣ አንዱን በእርሾ ሌላውን ያለ እርሾ፣ አፋቸው ላይ ፊኛ ማሰር ነው፤ የትኛው ፊኛ ቶሎ እንደሚነፋ በየሰዓቱ መመዝገብ። የተቀቀለ ከርከዴ ላይ ሎሚ ሲጨመር ደምቆ ይቀላል፤ የአመድ ውሃ ሲጨመር ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። አሲድና ቤዝ ማለት ይኸው ነው።

መምህሩ ይህን ሁሉ ከራሱ ማመንጨት የለበትም፤ የተዘጋጀ ነገር አለ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1956 ያሳተመው የሳይንስ መምህራን መጽሐፍ መነሻው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባወደማቸው አገሮች ቤተ ሙከራ ላጡ መምህራን የተዘጋጀ ጥራዝ ነው፤ መሣሪያዎችን በአካባቢ ከሚገኝ ነገር መሥራትን ያሳያል። ህንዳዊው መሐንዲስ አርቪንድ ጉፕታ ከተጣለ ዕቃ የሚሠሩ የሳይንስ መጫወቻዎችን አሠራር በነፃ አሰራጭተዋል። የኖቤል ተሸላሚው ካርል ዊማን እ.ኤ.አ. በ2002 በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ቦልደር የጀመሩት ፌት የኤሌክትሪክ ዑደትን፣ የኃይልንና የእንቅስቃሴን፣ የአተምን ሙከራዎች በኮምፒውተር ያሳያል፤ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት መጠቀም ይቻላል። ኮሊብሪ የሚባለው ሶፍትዌር ደግሞ የካን አካዳሚን ትምህርቶች በአንድ ኮምፒውተር ላይ ጭኖ ለመላው ክፍል ያዳርሳል። ጀርመን አገር በአኸን ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ፋይፎክስ ተራውን ስማርት ስልክ የፍጥነት ለውጥና የድምፅ መለኪያ ያደርገዋል። የሕዋስ ትምህርት ካስጨነቀን፣ የስታንፎርዱ ማኑ ፕራካሽ ከባልደረቦቻቸው ጋር የሠሩት ፎልድስኮፕ አለ። ከወረቀት ተጣጥፎ የሚሠራ፣ 140 ጊዜ የሚያጎላ፣ መብራት የማይፈልግ ማይክሮስኮፕ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራቸውን ይፋ ሲያደርጉ የክፍሎቹ ወጪ ከ1 ዶላር በታች ነበር። ተማሪ ቢቀድደው ማንም ደመወዙ አይቆረጥበትም። ለእረፍት አገር ቤት የሚሄድ ሰው ሻንጣ ውስጥ አንድ ሃርድ ዲስክና ጥቂት ፎልድስኮፕ ቦታ አያጣም።

ዋናው ወጪ ግን ሌላ ነው። የሳይንስ ክበብን የሚመራው መምህር ከክፍለ ጊዜው ውጭ፣ አንዳንዴም ቅዳሜ፣ ለሚያውለው ሰዓት የሚከፍለው የለም። ለፊኛው፣ ለባትሪው፣ ለሽቦው፣ ለሻማው፣ ለፎቶ ኮፒው ከኪሱ ያወጣል፤ ወይም ይተወዋል። እነዚህ ሁሉ እዚያው ገበያ የሚገዙ ናቸው፤ ኮንቴይነርም ቀረጥም አያሻቸውም። በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት በኩል በየመንፈቀ ዓመቱ ደረሰኝ እየቀረበ የሚወራረድ አነስተኛ የማያቋርጥ ገንዘብ፣ አንድ ጊዜ ከሚላክ ብዙ ዕቃ የበለጠ ሥራ ይሠራል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ከባድ ዕቃ መላክ ግድ ከሆነም በስጦታ ደብዳቤው ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር እናስገባ፤ ተማሪ እየተማረበት ሳለ የተሰበረ ዕቃ መምህሩን አያስጠይቀውም የሚል። ርዕሰ መምህሩና የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይህን ሳይቀበሉ ርክክብ አይደረግ።

ሄዶ ለማገልገል ለሚያስቡም አንድ ቃል አለኝ። መሐንዲሱ፣ ነርሷ፣ የላብራቶሪ ባለሙያው፣ በበረዶ ላይ የጭነት መኪና የሚያሽከረክረው ወንድማችን፣ ሁሉም የሚያስተምረው ሳይንስ አለው። ፍሬን ተይዞ ሠላሳ ቶን የሚከብድ መኪና ምን ያህል ርቆ እንደሚቆም ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ነገር ግን ለአንድ ሳምንት ሄደን የመምህሩን ሰሌዳ ተረክበን፣ በእንግሊዝኛ አንበልብለን ስንመለስ፣ መምህሩን በተማሪዎቹ ፊት አሳንሰነው እንመለሳለን። ከጎኑ እንቀመጥ፤ እሱ ያስተምር፣ እኛ ምሳሌውን እናቀብል። እኛ ከሄድን በኋላ ክፍሉ ውስጥ የሚቀረው እሱ ነው።

በዚህ ሥራ ልጆቻችንም ይጠቀማሉ። በየቤተ ክርስቲያኑና በየኮሙኒቲው አዳራሽ ቅዳሜና እሁድ አማርኛ የሚማሩት ልጆች ከፊደል ገበታ ቀጥሎ ምን እንደሚያደርጉበት ግራ ይገባቸዋል። አዲስ አበባ ወይም ደሴ ካለ እኩያቸው ጋር ጥላ ለክተው ቁጥር ሲለዋወጡ፣ «የእኔ ለምን ረዘመ?» ብለው የሚከራከሩበት ቋንቋ ይሆንላቸዋል። አገር ቤት ያለው ልጅም ሁልጊዜ ተረጂ መሆኑ ይቀራል፤ የእሱ ልኬት ከሌለ የእነሱ ስሌት አይሞላምና።

ስለዚህ የማኅበራት ሰብሳቢዎች፣ ለሚቀጥለው ስብሰባችሁ የአንድ የሳይንስ መምህር ስልክ ቁጥር ይዛችሁ ቅረቡ። ሦስት ነገር ጠይቁት፤ ለማስተማር የከበደህ ምዕራፍ የትኛው ነው? በየወሩ የሚያልቅብህ ምንድን ነው? ዕቃ ቢሰበር ማን ይጠየቃል? መልሱን በቃለ ጉባኤ አስፍሩ፤ መዋጮውን ከዚያ በኋላ ወስኑ።