ቴፑን ከመቆለፍ ማጽዳት ይሻላል

ዛሬ የምጽፈው ስለ ክበባችን ቴፕ ነው። «ስለ ቴፕ ደግሞ ምን ይጻፋል?» እንዳትሉኝ፤ ነገሩ እኔን አስለቅሶኛል።

እንደምታውቁት ሚኒ ሚዲያችን ያለው አንድ ማይክ፣ አንድ አምፕሊፋየር፣ ሰልፍ ሜዳው ላይ የሚጮኸው ሞንታርቦና አንድ ቴፕ ነው። ቴፑ ካሴትም ሲዲም ያጫውታል፣ ድምፅም ይቀዳል። የሚቀመጠው ግን ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ፣ ዳንቴል ለብሶ ነው። የሳጥኑ በር ላይ «መንካት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት አለ። የሚወጣው ለሰንደቅ ዓላማ ቀንና ለወላጆች በዓል ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ቴፑን የሚገድለው የተማሪ እጅ ሳይሆን ይሄ አቀማመጥ ነው እላለሁ።

አምና ግንቦት ላይ እኔና ሁለት ጓደኞቼ አንድ የሰፈራችንን አዛውንት ስለ ዘወልድ ጠይቀን ቀድተን ነበር። ዘወልድ በእኛ በራያ ቆቦ የተጣላን፣ ደም የተቃባን ሰው ጭምር ሽማግሌ የሚያስታርቅበት የአገር ሥርዓት ነው። አዛውንቱ ቴፑን ትክ ብለው አዩትና «ልጆቼ፣ ይቺ ድምፄን ትይዘዋለች? ስሞትም ታወራለች?» አሉን። «አዎ አባባ» አልናቸው።

ከዚያ ትምህርት ተዘጋ። ቴፑም ባትሪ ድንጋዩ ሆዱ ውስጥ እንዳለ ክረምቱን ተቆልፎ ከረመ። መስከረም ላይ ስናወጣው ድንጋዩ ፈሶ ማቀፊያውን አዝጎታል። በሶኬት ሞከርነው። መጀመሪያ ድምፁ ብርድ ልብስ ተከናንቦ እንደሚያወራ ሰው ታፈነ፣ ቀጥሎ ካሴቱን በላው። ክሩ ተሸብሽቦ፣ ተበጣጥሶ ወጣ። ከ40 ደቂቃው የተረፈን 12 ደቂቃ ነው። አዛውንቱ ነሐሴ ላይ አርፈዋል። እኛ ግን «አዎ አባባ» ብለናቸው ነበር።

ቴፑን ወደ አንድ ቴፕ ሠሪ ወሰድነው። ከፍቶ አየና ሳቀ። «ይሄ አልተበላሸም፣ ቆሽሿል» አለን። በጣም የተናደድኩት ያኔ ነው። ተበላሽቶ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

የቆቦን አቧራ መቼም አልነግራችሁም። ማሽላ ሲወቃ፣ ግመሉና ከብቱ ወደ ገበያ ሲነዳ፣ ባጃጁ በውስጥ ለውስጥ መንገድ ሲሮጥ ደብተራችን ላይ ስም መጻፍ ይቻላል። ታዲያ ዳንቴል ምን ያደርጋል? ዳንቴል እኮ ቀዳዳ ነው! ለጌጥ ያምራል፣ ለአቧራ ግን በር ነው። በየቤታችን ያለውም ቴፕ እንዲሁ ነው፤ እንደ ሙሽራ ተሸፍኖ ውስጡ አፈር።

ቴፕ ሠሪው እያሳየ ያስረዳን እንዲህ ነው። የካሴት ክር ላይ የተቀባው ቡናማ ነገር ከዝገት ጋር አንድ ዓይነት የሆነ የብረት ዱቄት ነው፤ ድምፁ በማግኔት የሚጻፈው እሱ ላይ ነው። ክሩ ሲሮጥ ሄድ የሚባለውን ድምፅ አንባቢ ብረት እየታከከ ያልፋል፣ በየጊዜው ትንሽ ዱቄት ይተውበታል። ዱቄቱ ከአቧራ ጋር ሲለጠፍ ድምፅ ይታፈናል። ክሩን የምትስበው ትንሽ ጥቁር ጎማም አለች። እሷ ስትቆሽሽ ክሩ ይጣበቅባትና ይጠመጠምባታል። «ቴፑ በላው» የምንለው ይህንን ነው።

መድኃኒቱም ቀላል ነው። ቴፑን ከሶኬት መንቀል፣ እንጨት ላይ የተጠቀለለ ጥጥ በንጹሕ አልኮል ነክሮ ሄዱን ቀስ ብሎ ማሸት፣ ጥጡ ቡናማ መሆኑን እስኪተው መቀየር፣ ከዚያ እስኪደርቅ መጠበቅ። ጎማዋን አልኮል ቶሎ ቶሎ ከነካት ስለምትደርቅ እርጥብ ጨርቅ ይበቃታል። ሽቶ፣ ቤንዚን፣ ቢላዋ፣ መርፌ አይሆንም። ማግኔት አጠገቡ አይድረስ። የረገበ ክር ደግሞ በእርሳስ ወይም በቢክ እስክሪብቶ ይጠቀለላል። ድንጋዩን ከተጠቀምን በኋላ ማውጣት ነው፤ ይሄ አንድ ሳንቲም አያስወጣም።

በሲዲው ግን ጥፋተኛው እኔ ነኝ። አንድ ቀን ሲዲ ሲዘል በዩኒፎርሜ ሹራብ ክብ ክብ እያደረግሁ ፈተግሁት፣ ባሰበት። ለካ የሲዲ ጽሑፍ ከመሐል ወደ ዳር እየዞረ የሚሄድ ነው፤ በዙሪያው የተጫረ ጭረት ብዙ ቦታ አብሮ ይሸፍናል። የሚጠረገው ከመሐል ወደ ዳር በቀጥታ ነው። የሥዕሉ ወገን ደግሞ ይብሳል፤ ድምፁን የያዘው ስስ ሽፋን ከሥዕሉ ሥር ነው። እኛ እዚያው ላይ በእስክሪብቶ «8ኛ ለ» ብለን ጽፈንበታል! ብርሃን የምትልከዋን መስታወትም በአፍ እፍ ማለት ምራቅ መርጨት ነው።

አንዳንድ መምህራን «ካሴት ጊዜው አልፏል፣ በስልክ ቅዱ» ይሉናል። እውነት ነው፣ ካሴት እ.ኤ.አ. በ1963፣ ሲዲ በ1982 የወጡ ናቸው። ግን ስልክ ይዘን ግቢ መግባት አይፈቀድልንም። የመምህሩ ስልክ ላይ የተቀዳውም ሚሞሪው ሲሞላ ይጠፋል። ደግሞ በየቤታችን ያለው ካሴትስ? ከማሪቱ ለገሰ አምባሰል ሌላ፣ እናቴ ሣጥን ውስጥ አክስቴ ድሮ ከሳውዲ በድምፅ የላከችው ደብዳቤ አለ። ቤታችሁን ብትፈትሹ እናንተም አታጡም። ያንን ወደ ፍላሽ ለመገልበጥም መጀመሪያ ክር የማይበላ ንጹሕ ቴፕ ያስፈልጋል።

ተማሪ ያበላሻል የሚለውን ፍርሃት አልክድም፤ እኔው አበላሽቻለሁ አልኳችሁ። ያበላሸሁት ግን ማንም ስላላሳየኝ ነው። ስለዚህ ጥያቄያችን ይህ ነው፦ ዓርብ ከመጨረሻው ክፍለ ጊዜ በኋላ ለ20 ደቂቃ ሳጥኑ ይከፈት፤ ሁለት ሁለት ተማሪ በተራ፣ መምህር ባለበት ያጽዳ፤ ማን መቼ እንዳጸዳ በመዝገብ ይፈርም። አልኮሉንና ጥጡን ክበቡ አዋጥቶ ይገዛል። በዳንቴሉ ፋንታ ድፍን ጨርቅ እኔ ከቤት አመጣለሁ።

የአዛውንቱ ጓደኛ የሆኑ ሌላ ሽማግሌ የቀረውን ሊነግሩን ለጥር ቀጥረውናል። ቁልፉ ግን እስካሁን አልተሰጠንም።