ከ«ማን አጠፋ?» በፊት «ምን ሆነ?»

በዚህ ወር የምናነሳው ጉዳይ ከቤታችን የራቀ ሊመስል ይችላል፤ የአውሮፕላን ደኅንነት ነው። ነገር ግን ዛሬ በወለንጪቲም ሆነ በአዳማ፣ በመተሐራም ሆነ በሞጆ ከአውሮፕላን ጋር ጉዳይ የሌለው ቤተሰብ ጥቂት ነው። አንዱ አባቱን ለሐጅ ይሸኛል፤ ሌላዋ እኅቷን ለሥራ ወደ ጅዳ ትሸኛለች፤ ሌላው ለትምህርት የሄደ ልጁን ይጠብቃል። ሸኝቶ የተመለሰ ሰው «በሰላም ገብተናል» የሚለው ስልክ እስኪደወል ድረስ እንቅልፍ አይወስደውም።

ይህ ስጋት በእኛ አካባቢ በቂ ምክንያት አለው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302 በተነሳ በ6 ደቂቃ ውስጥ በዚሁ በምሥራቅ ሸዋ፣ በቢሾፍቱ አቅራቢያ በጊምቢቹ ወረዳ ወድቆ 157 ሰዎች ሞተዋል። ከዚያ ስድስት ወር ያህል ቀደም ብሎ ነሐሴ 24 ቀን 2010 ዓ.ም. ከድሬዳዋ ወደ ቢሾፍቱ ይጓዝ የነበረ የመከላከያ አነስተኛ አውሮፕላን በዚሁ ዞን ወድቆ 18 ሰዎችን ይዞ ጠፍቷል። በአንድ ዓመት ውስጥ የሲቪሉም የጦሩም ሐዘን በአንድ ዞን መሬት ላይ አረፈ። ታዲያ እናቶቻችን «ልጄ፣ በአውሮፕላኑ እንዴት አምነን እንላክሽ?» ቢሉ ምን ይፈረድባቸዋል?

መልሱን በቁጥር እንጀምር። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች የመላውን ዓለም የመንገደኛ በረራ አጥንተው እንዳወጡት፣ እ.ኤ.አ. ከ1968 እስከ 1977 ባለው ጊዜ አውሮፕላን ላይ ከወጡ 350,000 ተሳፋሪዎች አንዱ ይሞት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2018 እስከ 2022 ባለው ጊዜ ግን ከ13.7 ሚሊዮን ተሳፋሪዎች አንድ ሆኗል። ልብ በሉ፤ ይህ ሁለተኛው ቁጥር የእኛን የ302ን ሐዘን ጨምሮ የያዘ ነው። በጦር አውሮፕላኖችም እንዲሁ ነው። የአሜሪካ አየር ኃይል እ.ኤ.አ. በ1947 በየ100,000 የበረራ ሰዓቱ ከ40 በላይ ከባድ አደጋ ይደርስበት ነበር፤ በዘመናችን ይህ ቁጥር ወደ 2 እና ከዚያም በታች ወርዷል።

እርግጥ ነው፣ አጀል በአላህ እጅ ነው። ነገር ግን ተወኩል ማለት ሰበብን ጥሎ መቀመጥ አለመሆኑን ዑለሞቻችን ሁልጊዜ ያስተምሩናል። ሰማዩም የስበት ሕጉም ያው ናቸው። የተለወጠው ሰው ሰበቡን የሚያደርስበት መንገድ ነው። ታዲያ ይህ ለውጥ በምን መጣ?

የተጻፈ ዝርዝር

ብዙ ሰው «ማሽኑ ተሻሻለ» ይላል። እውነት ነው፤ ሞተሩም፣ ራዳሩም፣ አብራሪውን ከተመታ ጀት አስፈንጥሮ የሚያወጣው ወንበርም ተሻሽሏል። ነገር ግን ከትልልቆቹ ለውጦች አንዱ የመጣው ከአንዲት ወረቀት ነው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 30 ቀን 1935፣ ጣሊያን አገራችንን በወረረበት በዚያው ወር፣ በአሜሪካ አንድ አዲስ የቦይንግ የጦር አውሮፕላን ለሙከራ ተነሥቶ ወዲያው ወደቀ። አብራሪው ከታወቁት አንዱ ነበር፤ ማሽኑም ብልሽት አልነበረበትም። አውሮፕላኑ መሬት ላይ ሲቆም የጭራው ክንፎች በነፋስ እንዳይወዛወዙ የሚይዘው መቆለፊያ ሳይለቀቅ ተረስቶ ነበር።

በዚያን ጊዜ «አብራሪው ሰነፍ ነበር» ብሎ ጉዳዩን መዝጋት ይቻል ነበር። የአየር ጓዱ ሰዎች ግን ሌላ ጥያቄ ጠየቁ፤ «እንዲህ ያለ ጎበዝ ሰው ከረሳ፣ ሌላውም እንዳይረሳ ምን እናድርግ?» መልሱ ከመነሣት በፊት እየተነበበ የሚረጋገጥ ዝርዝር ሆነ። ዛሬ በዓለም ላይ የሚበር የጦርም ሆነ የመንገደኛ አውሮፕላን ያለዚህ ዝርዝር አይነሣም። ሠላሳ ዓመት ያበረረ ካፒቴን እንኳ በቃሉ እያወቀው ያነበዋል።

ያልደረሰ አደጋ ሲነገር

ሁለተኛው ለውጥ ከዚህም የሚልቅ ነው። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1 ቀን 1974 ቲ.ደብሊው.ኤ. የተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ አውሮፕላን በዋሽንግተን አቅራቢያ ከተራራ ጋር ተጋጭቶ የነበሩበት 92 ሰዎች በሙሉ ሞቱ። (ይህ ኩባንያ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገውን የኢትዮጵያ አየር መንገድን በማቋቋም የረዳው ኩባንያ ነው።) አብራሪዎቹ ከመቆጣጠሪያው የተሰጣቸውን የመቅረብ ፈቃድ «አሁን ዝቅ ማለት ትችላላችሁ» ብለው ተረድተውት ነበር።

ምርመራው ሲካሄድ አንድ የሚያሳዝን ነገር ወጣ። ከአደጋው ስድስት ሳምንት በፊት የሌላ አየር መንገድ አብራሪዎች በዚያው ቦታ፣ በዚያው አለመግባባት ምክንያት ከተራራው ጋር ለመጋጨት ለጥቂት ተርፈው ነበር። ለኩባንያቸው ተናገሩ፤ ኩባንያውም ለራሱ አብራሪዎች አስጠነቀቀ። ወሬው ግን ከዚያ ቤት አልወጣም። ያቺ አንዲት ቃል ለጎረቤት ብትደርስ ኖሮ 92ቱ ሰዎች ይተርፉ ይሆናል።

ከዚህ የተነሣ እ.ኤ.አ. በ1976 አዲስ አሠራር ተጀመረ። አብራሪ፣ ቴክኒሻን ወይም የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ ሳያስበው የሠራውን ስሕተት ወይም ለጥቂት የተረፈበትን አደጋ ይጽፋል። ጽሑፉ የሚሄደው ለሚቀጣው መሥሪያ ቤት ሳይሆን ናሳ ለተባለው የጠፈር ምርምር ድርጅት ነው። ስሙ ይፋቃል፤ ትምህርቱ ለሁሉም ይሰራጫል። ሆን ብሎ ያጠፋና ወንጀል የሠራ ሰው በዚህ መጠለል አይችልም። በቅንነት የተሳሳተ ግን ስለ ተናገረ አይጎዳም። ከአንድ ሚሊዮን በላይ እንዲህ ያሉ ጽሑፎች ገብተዋል። እያንዳንዱ፣ ሰው ሳይሞት የተገኘ ትምህርት ነው።

የሲቪል አቪዬሽን ዓለም አቀፍ ደንብም ይህንኑ ይላል። የአደጋ ምርመራ ዓላማው ዳግመኛ እንዳይደርስ ማድረግ እንጂ ጥፋተኛን መፈለግ አይደለም። ጥፋተኛን መፈለግ የፍርድ ቤት ሥራ ነው። የአሜሪካ አየር ኃይልም ለአንድ አደጋ ሁለት የተለያዩ ምርመራዎች ያደርጋል። አንዱ ለትምህርት፣ ሌላው ለሕግ ነው፤ ለመጀመሪያው በአደራ የተነገረው ለቅጣት አይውልም። በጦሩ በኩል ያለው ችግር ግን ብዙ ነገር በምሥጢር መያዙ ነው። በምሥጢር የተቆለፈ ትምህርት ከራሱ ቤት አልፎ ሌላውን አይጠቅምም።

የራሳችን ሐዘን ያስተማረው

የእኛም አገር አደጋዎች ለዓለም ትምህርት ሰጥተዋል። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር የተነሣው አውሮፕላን ሁለቱም ሞተሮቹ እርግቦችን ውጠው ከጥቅም ውጪ ሆኑ፤ ከ104 ሰዎች 35 ሞቱ። በኤርፖርት ዙሪያ ቆሻሻና እህል ወፍ ስለሚሰበስብ ነገሩ ጎረቤት የሆነውን ነዋሪ ሁሉ ይመለከታል። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ደግሞ በጠላፊዎች እጅ የወደቀው አውሮፕላን ነዳጁ አልቆ በኮሞሮስ ባሕር ላይ አረፈ፤ ከ175 ሰዎች 125 ሞቱ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ የነፍስ አድን ጃኬታቸውን ከመውጣታቸው በፊት፣ እዚያው ውስጥ በአየር በመንፋታቸው ውኃው ወደ ጣሪያው አንሳፎ መውጫ አሳጥቷቸዋል። አስተናጋጇ «ጃኬቱን ከአውሮፕላኑ ስትወጡ ብቻ ንፉት» ስትል በስልክ የምንጫወት ወጣቶች ይህንን እናስታውስ።

ከሁሉም በላይ ግን 302 አለ። አደጋው እንደ ደረሰ በውጭ አገር አንዳንዶች ጣታቸውን ወደ አብራሪዎቹ፣ ወደ ካፒቴን ያሬድ ጌታቸውና ወደ ረዳቱ አሕመድኑር መሐመድ ጠቆሙ። ጥቁር ሣጥኑ ሲነበብ ግን ሌላ ነገር ተገኘ። የአውሮፕላኑ አፍንጫ ምን ያህል ወደ ላይ እንደ ቀና የሚለካው የግራው ጠቋሚ መሣሪያ የተሳሳተ ቁጥር ሰጠ። ቦይንግ 737 ማክስ ላይ የተገጠመው አዲስ ኮምፒዩተራዊ ሥርዓት በዚህ በአንዱ ጠቋሚ ብቻ ተማምኖ፣ አፍንጫው ከልክ በላይ የቀና መስሎት ደጋግሞ ወደ መሬት ደፋው። አብራሪዎቹ ሲያቀኑት እንደገና ደፋው።

ከዚህ የከፋው ነገር ይህ አዲስ አለመሆኑ ነው። ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. በኢንዶኔዥያ የላየን ኤር ተመሳሳይ አውሮፕላን በዚሁ ምክንያት ወድቆ 189 ሰዎች ሞተው ነበር። ከዚያ በፊት ይህ ሥርዓት መኖሩ እንኳ በአብራሪዎች መመሪያ ውስጥ አልተገለጸም ነበር። ቦይንግ ሁለት ሠራተኞቹ ስለዚህ ሥርዓት ተቆጣጣሪውን መሥሪያ ቤት ማሳሳታቸውን አምኖ እ.ኤ.አ. በጥር 2021 ከ2.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማማ። በሁለቱ አደጋዎች የ346 ሰዎች ሕይወት ጠፍቷል። ስድስት ሳምንት ቀድሞ የታወቀው የተራራው ወሬ እንደ ታፈነ ሁሉ እዚህም ሊነገር የሚገባው አልተነገረም።

ከዚያ በኋላ የሆነውስ? ይህ ዓይነት አውሮፕላን በመላው ዓለም ከበረራ ታገደ። አሁን ሥርዓቱ ሁለት ጠቋሚዎችን ያመሳክራል፤ ካልተስማሙ አይሠራም። ደጋግሞ አይደፋም፤ አብራሪውም ሊያሸንፈው ይችላል። አብራሪዎች በማሠልጠኛ ማሽን ላይ ሳይለማመዱ አያበሩትም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እንደገና ያበረረው ከሦስት ዓመት ገደማ በኋላ፣ ጥር 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። በመጨረሻው ሪፖርት ላይ የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪዎች «የአብራሪዎቹም አያያዝ ሊታይ ይገባል» ብለው ከኢትዮጵያ መርማሪዎች ጋር ተከራክረዋል። ክርክሩ በግልጽ ተጽፎ መቀመጡም ራሱ ከዚሁ ሥርዓት የመጣ ነው።

ወደ መንገዳችን

ወገኖቻችን፣ እዚህ ላይ ወደ ደጃችን እንመለስ። ወለንጪቲ የጅቡቲ ከባድ መኪናዎች ሌት ተቀን የሚያልፉባት ከተማ ናት። ልጃችንን ወደ ቦሌ ስንሸኝ የምንፈራው አውሮፕላኑን ነው፤ በአገራችን በየዓመቱ በሺህ የሚቆጠር ሰው የሚያልቀው ግን ወደ ቦሌ በሚወስደው ዓይነት መንገድ ላይ ነው። በመንገድ ላይ አደጋ ሲደርስ የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «ማን ነው ያጠፋው?» ሹፌሩ ይታሰራል ወይም ይሰወራል፤ ሟቹ ይቀበራል፤ ጉዳዩ ያበቃል። ፍሬኑ ለምን አልያዘም? ሹፌሩ ስንት ሰዓት ሳይተኛ ነዳ? በዚያ ኩርባ ባለፈው ወር ማን ለጥቂት ተረፈ? ብሎ የሚጽፍ የለም። በሚቀጥለው ወር በዚያው ኩርባ ሌላ ቤተሰብ ያለቅሳል።

ረዳቱ ፍሬኑ መድከሙን ያውቃል፤ ከሥራ እንዳይባረር ግን ዝም ይላል። ተሳፋሪው ሹፌሩ እያንጎላጀ መሆኑን ያያል፤ «ነገረኛ» እንዳይባል ግን ዝም ይላል። ታዲያ መኪና ያላችሁ አባቶች፣ «ጋሼ፣ ፍሬኑ ልክ አይደለም» ያላችሁን ሹፌር አመስግኑት እንጂ አትቆጡት፤ የዕለቱ ገቢ ቢቀር ይቅር። ሹፌሮችና ረዳቶች፣ ከመናኸሪያ ከመውጣታችሁ በፊት ጎማ፣ ፍሬን፣ መብራትና ትርፍ ሰው የሚል አጭር ዝርዝር ጽፋችሁ በየቀኑ አንብቡት። በቃላችሁ ብታውቁትም አንብቡት፤ ካፒቴኑም ያነባል። ወጣቶች፣ ሌሊት ስትጓዙ «ወንድሜ፣ ትንሽ አረፍ በል» ማለትን አትፍሩ።

በቤታችንም ቢሆን ልጅ «እማዬ፣ የምድጃውን ኤሌክትሪክ ነካሁት፤ ነዘረኝ» ብሎ ሲመጣ መጀመሪያ በጥፊ ካገኘው፣ በሚቀጥለው ጊዜ ሳይነግረን ይቀራል። የሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ የትንሽ እኅቱ ሊሆን ይችላል።

አላህ መንገደኞቻችንን በሰላም ያድርስልን፤ በሐዘን የቀሩትን ቤተሰቦች ሶብር ይስጥልን። ለሚቀጥለው ወር በሰላም ያገናኘን። ወሰላሙ ዐለይኩም።